«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ላሉት ጸሐፊ፦ ከጣና ዳር የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ባሕር ዳር ውስጥ ሰው እየተቀባበለ ያነበበው አንድ ጽሑፍ አለ። ለእኔም ከየአቅጣጫው ደርሶኛል። ላላነበባችሁት ጭብጡን ላሳጥረው። በውሃ ዳር ጭቃ ውስጥ የተጠራቀመ ብክለት የዓሣን ዘረመል ይጎዳል የሚባለው የውቅያኖስ ወደቦች ጉዳይ ነው፤ ጣናን አይመለከትም። የሐይቁ ውሃ ሲመረመር ደህና ነው። ዓሣውም ሞቶ አልተንሳፈፈም። ቢጎዳ እንኳ ተፈጥሮ ራሷን ትጠግናለች። ቆሻሻ ካለም በየክረምቱ የሚገባው ደለል ይቀብረዋል። ይህን ወሬ የሚያራግቡ ሰዎች የአስጋሪውን እንጀራ እየነኩ ነው። ይመርመር እንዳይባል ደግሞ ምርመራው የሀብታም አገር ሥራ ነው። መዝጊያቸው ተረት ነው፦ «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል»።

ጸሐፊው ጣናን የሚወዱ ሰው መሆናቸው ያስታውቃል። ስለ ደቅ ደሴት አስጋሪዎች የጻፉት አንቀጽ ልብ ይነካል። ስለዚህ ነገሬ ከሰውየው ጋር አይደለም። ጽሑፉ ስለ ውሃው ያወራል፣ ስለ ዓሣው ያወራል፣ ስለ ገበያው ያወራል። ጭቃውን የሚያነሳው ግን ቆሻሻውን ሊቀብርበት ሲፈልግ ብቻ ነው። የዓሣ ደምማ ጨርሶ አልተነሳም። የዘረመል ጉዳት መነሻው ጭቃው ውስጥ ነው፤ ምልክቱ የሚታየው ደሙ ውስጥ ነው። ሁለቱን ሳያዩ «ደህና ነው» ማለት፣ ሐኪም በሽተኛውን ከበር ላይ ቆሞ በልብሱ አይቶ «ጤነኛ ነህ፣ ሂድ» እንደማለት ነው።

«ባሕር ሌላ፣ ሐይቅ ሌላ» በሚለው ልጀምር። ምርምሩ የመጣው መርከብና የድንጋይ ከሰል ካለበት ነው፤ እኛ ጋ ያለው ታንኳ ብቻ ነው ይላሉ። ወደ ዘጌና ወደ ደቅ የሚመላለሱትን የሞተር ጀልባዎች የት እንዳደረጓቸው አላውቅም። ግን እሱን ልለፈው።

በዚህ ጉዳይ ስማቸው የገነነው ቦታዎች ብዙዎቹ የባሕር ዳርቻዎች መሆናቸው እውነት ነው። አንዱ በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ያለው ኢግል ሃርበር ነው። እዚያ የእንጨት ምሰሶ እንዳይበሰብስ በክሪዮሶት፣ ማለትም ከድንጋይ ከሰል በሚወጣ ጥቁር ፈሳሽ፣ የሚነክር ፋብሪካ ነበር። ፈሳሹ ወለሉ ላይ ተጠራቀመ። ወለሉ ላይ ተኝተው የሚውሉት ጠፍጣፋ ዓሦች ጉበታቸው ላይ ቁስልና ዕጢ ተገኘ። እ.ኤ.አ ከ1993 እስከ 1994 ባለው ጊዜ የተበከለው ወለል በንጹሕ ደለል ተሸፈነ። በኋላ ባሉት ዓመታት የዓሦቹ የጉበት ችግር እየቀነሰ ሄደ።

ጸሐፊው በልባቸው የያዙት ይህን ዓይነቱን ታሪክ ነው። ብላክ ሪቨርን ግን ዘለሉት። ብላክ ሪቨር ኦሃዮ ውስጥ ያለ ወንዝ ነው። ጨው የሌለው ውሃ፣ ያውም ወደ ሐይቅ የሚገባ። ዳሩ ላይ ከድንጋይ ከሰል ኮክ የሚባል የብረት ማቅለጫ ነዳጅ የሚያመርት ፋብሪካ ነበር። የተጎዳው ዓሣ ብራውን ቡልሄድ ይባላል። ጢማም ነው፣ ቅርፊት የለውም፣ ጭቃውን እየዳበሰ ይበላል። ብታዩት አምባዛ ትዝ ይላችኋል፤ የሩቅ ዘመዳሞችም ናቸው። (ቅርፊት የለውም ብለው አምባዛ የማይቀምሱ ሰዎች እሱንም ባልነኩት ነበር።) ፋብሪካው እ.ኤ.አ በ1983 ተዘጋ። በ1987 በጭቃው የላይኛው ንጣፍ ውስጥ የነበረው መርዝ ከ1980ው ከሁለት መቶ እጅ አንዱ ብቻ ቀርቶ ነበር። የሦስትና የአራት ዓመት ዓሦች የጉበት ካንሰርም ከ1982ቱ ወደ አንድ አራተኛ ገደማ ወረደ።

እንግዲህ ጨው ኖረ አልኖረ ጉበት ያው ጉበት ነው። ነገሩ የሚሠራው እንዲህ ነው። ከሰል፣ ናፍጣ፣ እንጨት፣ ዘይት ሲቃጠል ፒኤኤች የሚባሉ ኬሚካሎች ይፈጠራሉ። ታዋቂው ቤንዞፓይሪን ነው። ጉበት ይህን ባዕድ ነገር ለማስወጣት ውሃ ውስጥ የሚሟሟ አድርጎ ሊለውጠው ይሞክራል። በሰውም በዓሣም ሥራውን የሚጀምረው አንድ ዓይነት የኢንዛይም ቤተሰብ ነው። ችግሩ፣ በለውጡ መሃል ላይ የሚፈጠረው ነገር ከመጀመሪያው የባሰ ነው። ዲኤንኤ ላይ፣ በተለይ ጉዋኒን በሚባለው ፊደል ላይ፣ ሄዶ ይለጠፋል። ሴሉ ይህን ሳይጠግን ከተከፈለ ፊደሉ በስህተት ይገለበጣል። ላጽዳ ብሎ የተነሳው ጉበት ራሱን አቆሰለ ማለት ነው። እዚህ ሂደት ውስጥ ጨው የሚገባበት ቦታ የለም።

ሁለተኛው ነጥብ «ውሃው ተመርምሮ ደህና ነው» የሚል ነው። የጠቀሱት ምርመራ ኦክስጅንን፣ አሲዳማነትን፣ ሙቀትንና የመሳሰሉትን የለካ ነው። ውጤቱን አልክድም። ግን ፒኤኤች ውሃ አይወድም። ሐይቅ ውስጥ ሲገባ ካገኘው ደቃቅ አፈርና ብስባሽ ጋር ይጣበቅና ይሰምጣል። ስለዚህ ጠርሙስ ከላይ ነክሮ መመርመር፣ መርዙን በሌለበት ቦታ ሄዶ መፈለግ ነው። አላገኘነውም ቢሉ ምን ይገርማል?

ዘይቱ ከየት ይመጣል ለሚል ሰው፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሐይቁ ዳር ወዳሉት ላቫጆዎች ጎራ ይበል። ባጃጇ ጎማዋ እስኪሸፈን ውሃው ውስጥ ትገባለች። ልጁ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ በባልዲ እየቀዳ ይደፋባታል። ከላይ የሚወርደው የኦሞ አረፋ ነጭ ነው። ከሞተሩ ሥር የሚወርደው ግን ጥቁር ነው፤ ጭቃ፣ ግራሶና የተቃጠለ ዘይት አንድ ላይ። አረፋው ሲበተን ዘይቱ ውሃው ላይ ቀስተ ደመና ይሠራል። ትንሽ ቆይቶ እሱም ይጠፋል። ውሃው እንደገና «ደህና» ይሆናል። ዘይቱ የት ሄደ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ልጁ ላይ አልፈርድም፤ የዕለት ጉርሱ ናት። ደግሞ ብቻውን አይደለም። ከየጋራዡ ደጅ የተደፋው፣ አስፋልቱ ላይ የተንጠባጠበው ሁሉ የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ በጎርፍ ማፋሰሻው ተጠራርጎ እዚያው ይደርሳል።

አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ የሞተር ዘይት ውስጥ ፒኤኤች ብዙም የለም። ሞተሩ ውስጥ ሲሠራ ነው ከሙቀቱና ከነዳጁ ቃጠሎ እየሰበሰበ የሚሄደው። ውሃ ውስጥ የሚገባው ደግሞ በአብዛኛው አሮጌው ነው።

ራሳችሁ ማየት ከፈለጋችሁ እንጨት ያዙና ዳር ላይ ጭቃውን ወጋ አድርጉት። የሚያብረቀርቅ ስስ ነገር ወደ ላይ ይወጣል። ሁሉም ግን ዘይት አይደለም፤ እዚህ ላይ የእኛ ወገን ወሬኞችም ይሳሳታሉ። ረግረግ ውስጥ ብረት የሚበሉ ባክቴሪያዎች ተመሳሳይ ሽፋን ይሠራሉ። በእንጨቱ ነካ አድርጉት። ተሰነጣጥቆ ቁርጥራጩ እንደተለያየ ከቀረ የባክቴሪያ ነው። ተከፍሎ መልሶ ከተዋሐደ ዘይት ነው። የጭቃው መጥቆርና እንደ ገማ እንቁላል መሽተትም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ኦክስጅን ያጣ ጭቃ ሁሉ እንደዚያ ነው። ፎቶ አንስቶ «ጣና ተመረዘ» ብሎ መልቀቅ ቀላል ነው። ሥራው ጭቃውን ወስዶ መለካት ነው።

ጸሐፊው ከቆዳ ሥራ የሚወጣው ክሮሚየም የተባለ ብረት የዓሣን ዘረመል እምብዛም አያሰጋም ያሉትን ግን አልከራከርም። ቆዳ የሚለፋበት ክሮሚየም ዲኤንኤን ክፉኛ ከሚጎዳው ዓይነት የተለየ ነው፤ ኦክስጅን ባጣ ጭቃ ውስጥም በአብዛኛው እንደዚያው ይቆያል። ይህችን አግኝተዋል።

«ዓሣው አልሞተም። የቀነሰውም በመረብ ነው።» ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር እውነት ነው። ነጭ ዓሣ በክረምት ሊራባ ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭ ሲወጣ የወንዙ አፍ ላይ መረብ ተዘርግቶ ይጠብቀዋል። እ.ኤ.አ በ1990ዎቹ ውስጥ ወደ ወንዝ እየወጡ የሚራቡት ዝርያዎች ሦስት አራተኛ ገደማ ቀንሰዋል። ዋናው ምክንያትም ያ አሰጋገር ነው። ግን መረቡ ጥፋተኛ ስለሆነ ጭቃው ነፃ ነው ያለው ማን ነው? እንዲያውም በመረብ የሳሳ ዝርያ ሁለተኛ ጉዳት ሲጨመርበት መቋቋሚያ አይኖረውም።

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ነው ትልቁ ስህተት። ኦክስጅን ሲያልቅ ዓሣ በአንድ ሌሊት ተገልብጦ ይንሳፈፋል፤ አገር ያየዋል። የዘረመል ጉዳት እንደዚያ አይገድልም። እንቁላሉ ሳይፈለፈል ይቀራል። ጫጩቱ ጠማማ ሆኖ ይወጣል፣ በማግስቱ ሌላ ዓሣ ይበላዋል። ትልቁ ዓሣ ጉበቱ ላይ ዕጢ ይዞ ገበያ ይመጣል። ዓሣ አጽጂው ጉበቱን ከሆድ ዕቃው ጋር አውጥቶ ይወረውረዋል፤ ፔሊካኑ ከመሬት ሳይደርስ ይቀልበዋል። ማስረጃው በሰከንድ ጠፋ። እንቦጭ እ.ኤ.አ በ2011 ሐይቁ ላይ ሲታይ ስንት ሰው ነው የዘመተበት? ስለሚታይ ነው።

ደግሞ ጸሐፊው «በዚያ ሁሉ ውሃ ውስጥ የጥቂት ላቫጆ ዘይት ምን ያደርጋል?» ብለው ይጠይቃሉ። የጣና ስፋት ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ለዚህ ጥያቄ መልሱ ቀረሶ ነው። ወንዱ ቀረሶ ጥልቀት የሌለው ዳር ይመርጥና ወለሉን በአፉ እየቆፈረ ጎድጓዳ ጎጆ ይሠራል። ሴቷ እንቁላሏን እዚያ ትጥላለች፤ ከዚያ ከጭቃው ላይ እያነሳች አፏ ውስጥ ሰብስባ ትይዘዋለች። ጫጩቶቹም ሲለቀቁ የሚያድጉት ዳር ዳሩን፣ ሣርና ደንገል ባለበት ነው። ዘይቱ በ3,000ው ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ አይሰራጭም። የሚሰምጠው ዳር ላይ ነው። ቀረሶም የሚወልደው ዳር ላይ ነው።

አሁን ከሁሉ ወደወደድኩት ነጥባቸው ልምጣ፤ «ተፈጥሮ ራሷን ትጠግናለች» ወደሚለው። እዚህ ላይ ጸሐፊው አንብበዋል። ሴል የተጎዳ ዲኤንኤን የሚጠግንበት መንገድ እንዳለው፣ እ.ኤ.አ የ2015 የኬሚስትሪ ኖቤልም ለዚህ ምርምር እንደተሰጠ ይጠቅሳሉ። ልክ ነው። ከዚያ ብዙ ሰው የማያውቀውን ነገር አነሱ። የጣና ነጭ ዓሦች እንደ እኛ ሁለት ሁለት ሳይሆን ስድስት ስድስት የክሮሞሶም (ዘረመል የተሸከመው ክር) ቅጂ አላቸው። እኛ 46 ክሮሞሶም አለን፤ እነሱ 150 ገደማ። «አንዱ ቢበላሽ አምስት መለዋወጫ አለ» ይላሉ።

ጎበዝ! ሐሳቡ ደስ ይላል። ግን አያስኬድም። የቅጂ መብዛት የሚጠቅመው አንድ ዘረመል ሥራ ሲያቆም ነው፤ ሌላው ይሸፍንለታል። ካንሰር ከሚያመጡት ለውጦች ብዙዎቹ ግን ሥራ ማቆም አይደሉም፤ ከልክ በላይ መሥራት ናቸው። ለዚያ አንድ የተበላሸ ቅጂ ይበቃል። አምስቱ ደህነኞች ቁጭ ብለው ያዩታል። የተሰበረ ክሮሞሶምም መለዋወጫ ስላለው አይቀጠልም፤ ሴሉ ሲከፈል ስብርባሪው ሜዳ ላይ ይቀራል። የተሸፈነ ጉዳት ደግሞ የጠፋ ጉዳት አይደለም። ማንም ሳያየው ለልጅ ይተላለፋል።

ይህን ሁሉ ብንተወውና መለዋወጫው ይሠራል ብንል እንኳ፣ ገበያ ላይ በብዛት የምናየው ቀረሶና አምባዛ መለዋወጫ የላቸውም። ቀረሶ 44፣ አምባዛ 56 ክሮሞሶም ነው ያለው፤ እንደ እኛ ሁለት ሁለት። ጭቃ ላይ የሚውለው አምባዛ፣ ጭቃ ላይ የሚወልደው ቀረሶ መሆኑን አትርሱ።

«ዓሣ ይለምደዋል» የሚልም ዓረፍተ ነገር ጣል አድርገዋል። ይሄም ከእውነት የተቆነጠረ ነው። በአሜሪካ ምሥራቅ ዳርቻ ኪሊፊሽ የምትባል ጣት የምታህል ዓሣ አለች። ቨርጂኒያ ውስጥ ኤልዛቤት ሪቨር በሚባል፣ ባሕር በሚገባበት ወንዝ ላይ፣ በክሪዮሶት የተነከረ ጭቃ ውስጥ ትኖራለች። የሌላ ቦታ ኪሊፊሽ የሚሞትበት ነገር እሷን አይነካትም። እ.ኤ.አ በ2016 የወጣ የጂኖም (የጠቅላላ ዘረመል) ጥናት በአራት የተበከሉ ቦታዎች ያሉ ኪሊፊሾች በየራሳቸው ተላምደው፣ ግን ለውጡ በሁሉም ላይ ተቀራራቢ ዘረመሎችን እንደነካ አሳይቷል። እሰየው እንበል?

ዋጋውን እንይ። የኤልዛቤት ሪቨር ኪሊፊሾች ጫጩት ኦክስጅን ሲያንስ ከንጹሕ ቦታው ጫጩት ይልቅ ይጎዳል። የትልልቆቹም ጉበት ከዕጢ አልዳነም። ሞት ቀረ እንጂ ጤና አልመጣም። ደግሞ ኪሊፊሽ ቁጥሯ እጅግ ብዙ ነው፤ በመካከላቸው ያለው የዘረመል ልዩነትም ሰፊ ነው። ከዚያ ሁሉ መሃል መቋቋም የሚችል አይጠፋም። የሚሞተው ሞቶ የተረፈው ይራባል። «መልመድ» የሚባለው ይህ ነው፤ በሞት ብዛት የሚገዛ ነው።

የጣና ነጭ ዓሦች ይህን መግዛት አይችሉም። 15 የሚሆኑት ዝርያዎች በዓለም ላይ ሌላ የትም የሉም። በመረብ የሳሱ ናቸው። ከጎረቤት መጥቶ የሚተካቸው ዘመድም የላቸውም። ከታች ጢስ ዓባይ አለ፤ 40 ሜትር ገደማ ፏፏቴ። ከዓባይ ታችኛው ክፍል ዓሣ ሽቅብ ወጥቶ ጣና አይገባም። ለብቻቸው ሆነው ወደ እነዚህ ዝርያዎች እንዲለያዩ የረዳቸው ያ ፏፏቴ ነው። አሁን ደግሞ መንገድ የሚዘጋባቸው ያው ፏፏቴ ነው።

«ደለሉ ይቀብረዋል።» ጥልቅ ሐይቅ ቢሆን እሺ። ጣና ሰፊ እንጂ ጥልቅ አይደለም። ጥልቅ የተባለው ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። ከሰዓት ነፋሱ ሲነሳ ውሃው የሚደፈርሰው ወለሉ ስለሚነሳ ነው። ዳሩን ደግሞ ጉማሬው ይረግጠዋል፣ አምባዛው ይቆፍረዋል፣ እንቦጭ ነቃዩ ይመላለስበታል። ማን እንዲቀበር ይተወዋል? በቃ፣ ይህ ነጥብ ከዚህ በላይ ጊዜ አይገባውም።

«የአስጋሪውን እንጀራ እየነካችሁ ነው» የሚለው ግን ይገባዋል፤ ግማሹ እውነት ስለሆነ። «የጣና ዓሣ ካንሰር ያመጣል» እያሉ የሚጽፉ ሰዎች አሉ። ያልበሰለ ወሬ ነው። የዓሣው የዲኤንኤ ጉዳት ወደ ሰው አይጋባም፤ ዲኤንኤው ሆድ ገብቶ እንደማንኛውም ምግብ ይፈጫል። ፒኤኤችም ቢሆን ዓሣ ጉበቱ ቶሎ ስለሚለውጠው ሥጋው ውስጥ ያን ያህል አይጠራቀምም። የሚጠራቀመው ይበልጥ እንደ ኦይስተር ባሉ ባለ ዛጎል እንስሳት ውስጥ ነው፤ እነሱን ደግሞ ጣና ዳር የሚበላ አላየሁም። መርዙን ለውጦ የሚያስወጣውም የሚጎዳውም የዓሣው ጉበት ነው። ስለዚህ በዚህ ምክንያት ጥብስ ዓሣችሁን አትተዉ። (በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለባለቤቶቹ ትቻለሁ።)

ግን አስጋሪውን ዝምታ ይጠብቀዋል የሚለው ግማሽ አይዋጥልኝም። ወሬ የሚነግሠው የተለካ ነገር በሌለበት ነው። ዛሬ አንድ ደንበኛ መጥቶ «ዓሣችሁ ተመርዟል አሉ» ቢለው፣ አስጋሪው የሚያሳየው ወረቀት የለውም። የሚመልሰው በመሐላ ነው። ዘይቱን የደፋው ደግሞ እሱ አይደለም። ሐይቁን ያላቆሸሸ ሰው በሐሜቱ ገበያ ያጣል፤ ያቆሸሸው ሰው መኪናውን አሳጥቦ ይሄዳል። ተረቱንም በዚህ ዓይን አየሁት። ዘንዶ ካለ እኮ ባንጎረጉርም እዚያው ነው ያለው። እየዋኘ ያለው ከልጆቻችን ጋር ነው።

የመጨረሻው ነጥብ «ምርመራው የሀብታም አገር ነው» የሚል ነው። ጸሐፊው ያነሱት የኮሜት ምርመራን ነው። ሴሎች በጄል ተይዘው የኤሌክትሪክ ጅረት ይለቀቅባቸዋል። የተሰባበረ ዲኤንኤ ከሴሉ እየተጎተተ ወጥቶ ጭራ ይሠራል፤ ጭራው በረዘመ ቁጥር ጉዳቱ ከፍ ያለ ነው። ይህ ልዩ ማይክሮስኮፕና የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል፣ እውነት ነው። ግን ምርመራ እሱ ብቻ አይደለም።

የእኛ ቀይ የደም ሴል ኒውክሊየስ፣ ማለትም ዲኤንኤው የሚቀመጥበት እምብርት፣ የለውም። የዓሣ ግን አለው። ሴሉ ሲከፈል የተሰበረ የክሮሞሶም ቁራጭ ካለ ወደ ዋናው ኒውክሊየስ ሳይገባ ይቀርና ከጎኑ ትንሽ ነጥብ ይሆናል። ማይክሮኒውክሊየስ ይሉታል። ሥራው ያንን ነጥብ መቁጠር ነው። ከዓሣው አንድ ጠብታ ደም ይወሰዳል። ስላይድ ላይ በስሱ ይቀባል፣ ይደርቃል፣ በሜታኖል ይጸናል፣ በጊምሳ ይቀለማል፣ በ1,000 እጥፍ ማጉያ ይታያል። ጊምሳ ምን እንደሆነ ላልሰማ፣ ባሕር ዳር ውስጥ ወባ ጠርጥሮ ጤና ጣቢያ ሄዶ ጣቱን የተወጋ ሰው ሁሉ ደሙ የተቀለመው በእሱ ነው። ማይክሮስኮፑም ያው የወባው ነው። ከአንድ ዓሣ ቢያንስ አንድ ሁለት ሺህ ሴል መቁጠር ያስፈልጋል፤ ቆጣሪውም ስላይዱ ከየትኛው ዳር እንደመጣ ማወቅ የለበትም። አንገት ያሳምማል እንጂ ኪስ አያሳምምም።

ሐሞትም አለ። ዓሣ አጽጂዎቹ ሐሞቱ እንዳይፈርጥ እንዴት እንደሚጠነቀቁ አይታችሁ ይሆናል፤ ሥጋውን ያመርረዋላ። ቢላዋው ጫፍ ላይ ያቺ አረንጓዴ ከረጢት ሳትቀደድ ትወጣለች፣ ትጣላለች። ጉበት የለወጠው ፒኤኤች የሚወጣው በእሷ ነው። በተለየ ብርሃን ስትመረመር ዓሣው ባለፉት ቀናት ምን ሲውጥ እንደከረመ ታሳብቃለች። ናሙናው በየቀኑ በነፃ አለ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አለ፣ የዓሣና ሌሎች የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከልም እዚሁ ከተማ ነው። ሐይቁ እ.ኤ.አ ከ2015 ጀምሮ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግቧል። ናሙናው ያለው እዚህ፣ ባለሙያውም ያለው እዚህ ነው።

መፍትሔውም ቢሆን ጸሐፊው እንደፈሩት ሚሊዮኖች አይበላም። ላቫጆውን ከዳር ትንሽ ወደ ኋላ ማንሳት፣ የሲሚንቶ ወለልና ሁለት ሦስት ክፍል ያለው ጉድጓድ መስጠት። ዘይት ስለሚንሳፈፍ ከላይ ይቀራል፤ ጭቃው ከታች ይቀራል፤ መሃል ያለው ውሃ ያልፋል። ማንኛውም ግንበኛ ይሠራዋል። ዘይቱና ጭቃው በየጊዜው መጠረግ አለበት፣ ያለዚያ ጉድጓዱ ዋጋ የለውም። ልጆቹም ሥራቸውን አያጡም። «ዳሩ ሁሉ በኤክስካቫተር ይጠረግ» የሚሉትን ግን ከጸሐፊው ጋር ሆኜ እቃወማለሁ። ብላክ ሪቨር ላይ ፋብሪካው ከተዘጋ ከዓመታት በኋላ ጭቃው ሲቆፈር የተቀበረው ተነሳ፤ የዓሦቹ ካንሰር እንደገና ጨምሮ ነበር፣ በኋላ ነው የወረደው። መጀመሪያ የሚዘጋው ቧንቧው ነው።

ስለዚህ ለጸሐፊው የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። በአንድ ወቅት፣ ተቀራራቢ መጠን ያላቸው አምባዛዎች ከሁለት ቦታ ይያዙ፤ ግማሹ ከከተማው ዳር፣ ግማሹ ከደቅ ዙሪያ። ደማቸው ይቆጠር፣ ሐሞታቸው ይታይ፣ ከየቦታው ጭቃ ይወሰድ። ልዩነት ካልተገኘ ረትተዋል፤ ጽሑፋቸውን እኔው ራሴ እየዞርኩ አሠራጫለሁ። ልዩነት ከተገኘ ግን ላቫጆዎቹ ወዴት ይነሱ በሚለው ላይ አብረን ማዘጋጃ ቤት እንሄዳለን።